እስኪበስል

የ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር የዋለው። እናቴ ሃምሳ አምስቱን ቀን እንደ ልማዷ ከሥጋ፣ ከቅቤና ከወተት ርቃ ጾማ፣ የትንሣኤን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ቆማ አድራ፣ ሊነጋ ሲል ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቤታችን ተመለስን። ዶሮውን የሠራችው እሷ ናት። ሌላ ሰው የሠራው ዶሮ አይጥማትም፤ ሽንኩርቱን ሳይቀር ሌላ ሰው እንዲከትፍላት አትፈቅድም። ጾሙን ፈታን፣ ቡና ተፈላ፣ ልጆቼ አያታቸው ጭን ላይ ተኙ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መኝታ ቤት ገብቼ ሳያት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ወደ ፊት አጎንብሳለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ከእምብርቴ በላይ ጀመረኝና እንደ መቀነት ዞሮ ጀርባዬን አሰረኝ» አለችኝ።

የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ሥራው አይጠፋም፤ ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከአፍ ለአፍ የሚያልፈውን ሕመም ስተረጉም ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ እማዬ «መቀነት» ስትል የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከላይኛው ሆድ ተነሥቶ ጀርባ ድረስ የሚዞር፣ ሲያጎነብሱ ትንሽ ፋታ የሚሰጥ ሕመም የቆሽት ነው። ካፖርቷን ሳላለብሳት በነጠላዋ ይዣት ወጣሁ።

ድንገተኛ ክፍል ደሟን ወሰዱ። ሊፔዝ የሚባለው የቆሽት ኢንዛይም በደም ውስጥ ከመደበኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍ ካለፈና ሕመሙ እንዲህ ከሆነ ሐኪሞቹ ለመወሰን ሌላ ብዙ አይፈልጉም። የእሷ ከዚያም እጅግ አልፎ ነበር። በአልትራሳውንድ ሲያዩ ሐሞት ከረጢቷ በትናንሽ ጠጠር ተሞልቷል። ጠጠሩ የቆየ ነው፤ ምናልባት ዓመታት አብሯት ኖሯል። ሐሞት ከረጢት ቅባት ሲመጣ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ አንዷ ጠጠር ወርዳ ሐሞትና ቆሽት በጋራ የሚወጡባትን ጠባብ በር ዘጋችባቸው። ቆሽት ደግሞ ሥጋና ቅባት የሚፈጭ ጭማቂ የሚሠራ ነው። መውጫ ሲያጣ ጭማቂው እዚያው ይነሣና የገዛ ቤቱን መፍጨት ይጀምራል። አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ያገግማል። እማዬ ከአብዛኛው ሰው ውስጥ አልነበረችም። በማግስቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች።

በሕጉ መሠረት ለገዛ እናቴ ማስተርጎም የለብኝም። እኔም ራሴ ለሌሎች ቤተሰቦች ስናገረው የኖርኩት ነገር ነው፤ የሚወድ ሰው ሲተረጉም ያሳጥራል፣ ያለሰልሳል፣ ክፉውን ይዘላል። ስለዚህ በስልክ አስተርጓሚ አመጡ። እኔ የአልጋው ራስጌ ዝም ብዬ ቆምኩ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ሐኪም ታሪኳን ልትጽፍ መጣች። ከዚህ በፊት በቆሽቷ ታማ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ስልኩ ላይ ያለው ሰው «ከዚህ በፊት ቆሽትዎን አሞዎት ያውቃል?» ብሎ በትክክል ጠየቀላት። እማዬ ዓይኗን ሳትገልጥ መለሰች።

«ቆሽቴማ ድሮ ነው ያረረው። ልጄ የሞተ ጊዜ ነው ያረረው።»

ስልኩ ጥቂት ዝም አለና ቃል በቃል አሳለፈው። ቆሽቷ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ልጇ በሞተ ጊዜ ተቃጥሏል አለ። ሐኪሟ ጽፋ ቀና አለች። የት ታከመች? በየትኛው ዓመት? ምስል ተነሥታ ነበር?

በሙያችን ከዚህ የሚከብድ ቦታ የለም። በአማርኛ ሐዘን፣ ንዴትና ፍርሃት የሚቀመጡት በሆድ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ቆሽት ያራል፣ ሐሞት ይፈሳል፣ አንጀት ይንሰፈሰፋል፣ ሆድ ይባባል። አንድ ሰው «ቆሽቴን አሳረረኝ» ሲል ስለ አካሉ አይደለም የሚያወራው፤ ቆሽቱ በእውነት ሲታመም ግን ያው ቃል ብቻ ነው ያለው። ብዙ ሰው ደግሞ ቆሽትንና ጣፊያን ይቀላቅላል፤ የትኛው የት እንዳለ ቢጠየቅ እጁን ዝም ብሎ ሆዱ ላይ ያሳርፋል። ስልክ ላይ የነበረውን ሰው አልወቅሰውም። ፊቷን አላየም፣ ድምጿን ብቻ ነው የሰማው፤ እኔም በጀመርኩበት ዓመት ከዚህ የባሰ አጥፍቻለሁ።

እጄን አነሣሁ። ልጇ ነኝ፣ ማስተርጎም እንደማይፈቀድልኝ አውቃለሁ፣ አንድ ነገር ላርም ብዬ አስረዳሁ። ታናሽ ወንድሜ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ነው የሞተው። እናቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በቆሽት ታማ አታውቅም፤ የነገረችሽ ስለ ወንድሜ ነው አልኳት። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ እማዬ ዞራ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀቻትና እጇን ያዘቻት። ያንን መተርጎም አላስፈለገም።

ከዚያ የመጠበቁ ጊዜ መጣ።

በሁለተኛው ሳምንት የተነሣው ሲቲ ስካን ከቆሽቷ ግማሽ ያህሉ ደም እንዳጣና ዙሪያው ፈሳሽ እየተጠራቀመ እንደሆነ አሳየ። በአፏ ምንም እንዳትቀምስ ተከለከለች፤ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ከጨጓራዋ አልፎ አንጀቷ ውስጥ ገባና በዚያ ትመገብ ጀመር። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እማዬን ከሕመሙ በላይ ያስከፋት ይህ ነበር። «በጌታ ትንሣኤ አጾሙኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። ጾም ማለት ለእሷ በራስ ፈቃድ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ይህ ግን የተወሰደባት ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ትኩሳት መጣ። በምስሉ ላይ ፈሳሹ ውስጥ የአየር አረፋ ታየ፤ ተመርዟል ማለት ነው። አንቲባዮቲክ ጀመሩላት፤ በሦስት ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ከዚያ ሐኪሞቹ ሌላ ምንም ሳያደርጉ ተቀመጡ።

የቤተሰቡን ጥያቄ እናንተም ታውቁታላችሁ። ስልኬ ቀንና ሌሊት ይጮኻል፤ ከደብረ ብርሃን፣ ከዳላስ፣ ከዱባይ። «መግል እንዳለ ካወቁ ለምን አይከፍቷትም?» «መድን የላትም እንዴ?» «ጥቁር ስለሆነች ነው?» የአክስቴ ልጅ ሌላ ሆስፒታል ካልወሰድሻት ብላ ልታጣላኝ ደረሰች። እኔም በውስጤ የተለየሁ አልነበርኩም። አሜሪካ ያለን ሰዎች ከሕክምና የምንጠብቀው መሥራትን ነው፤ የሚቀመጥ ሐኪም የተወን ይመስለናል።

የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስቱ ዕድሜው የገፋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ወንበር ስቦ ተቀመጠና በስልኩ አስተርጓሚ በኩል ሊያስረዳት ሞከረ። የተጠራቀመው ነገር ገና ልቅ ነው፣ ከጨጓራው ጋር አልተጣበቀም፣ አሁን ቢበሱት ይዘቱ ሆድ ውስጥ ይበተናል፤ በራሱ ዙሪያ ግድግዳ እስኪሠራ አራት ሳምንት ገደማ ያስፈልጋል አላት። አስተርጓሚዋ ጎበዝ ነበረች፤ ግን «ኢንካፕሱሌት እስኪያደርግ»፣ «ግድግዳ እስኪገነባ» ስትል እማዬ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ሆዷ ውስጥ ማን ግንብ እንደሚሠራ አልገባትም።

ያን ቀን እማዬ ራሷ እኔ እንዳስረዳት በስም ጠየቀች፤ ታማሚው ከጠየቀ ይቻላል። እኔም ስፈልገው የነበረው ቃል በልጅነቴ ከእሷ የሰማሁት ሆኖ አገኘሁት።

«እማዬ፣ እባጭ አይደለም? ሳይበስል ቢነኩት ምን ይሆናል?»

«ይበተናላ። መርዙ ገላ ውስጥ ይገባል።»

«ያው ነው። እስኪበስል ነው የሚጠብቁት።»

ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «እስኪበስል» አለች ለራሷ። ከዚያ ቀን በኋላ የደወለ ሁሉ ከእሷ አፍ የሚሰማው ይህንኑ ነበር፤ ገና ነው፣ አልበሰለም። ከዳላስ የደወለችውን አክስቴንም እሷው ናት ያረጋጋቻት።

ሌሊት ሌሊት ወንበር ላይ ሆኜ አነብ ነበር። እንቅልፍ ስለማይመጣ ብቻ አይደለም፤ ይህ መጠበቅ በማን ድካም የመጣ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ድሮ የሞተ የቆሽት ሥጋ ሲመረዝ ሆድ ተከፍቶ በእጅ ይጠረግ ነበር። የኔዘርላንድስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2010 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ፓንተር የተባለውን ጥናት አወጡ፤ 88 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ወዲያው ከፈቱ፣ ግማሹን በመጀመሪያ በቱቦ ፈሳሹን ብቻ አፍስሰው ካልሻለው ብቻ ወደሚቀጥለው ደረጃ ወሰዱ። ከባድ ጉዳት ወይም ሞት የደረሰባቸው በተከፈቱት 69 በመቶ፣ በደረጃ በታከሙት 40 በመቶ ነበሩ። በደረጃ ከታከሙት 35 በመቶው ከማፍሰስ ሌላ ምንም አላስፈለጋቸውም። ይህን ቁጥር ሳነብ እማዬ አጠገቤ ተኝታለች፤ ከሠላሳ አምስቱ ውስጥ አድርጋት ብዬ ጸለይኩ።

እነዚያው ኔዘርላንዳውያን እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ላይ በወጣው ቴንሽን በተባለው ጥናታቸው ይህንኑ በደረጃ የሚሄድ ሕክምና በአፍ በኩል በኢንዶስኮፒ፣ ካሜራ ባለው ቱቦ ማለት ነው፣ ቢሠራስ ብለው 98 ሰዎች ላይ ከቀዶ ሕክምናው ጋር አወዳደሩት። በሞትና በከባድ ጉዳት ልዩነት አልነበረም፤ 43 እና 45 በመቶ። ነገር ግን የቆሽት ጭማቂ በቆዳ እየፈሰሰ የሚቀርበት ጣጣ በቀዶ ሕክምና 32 በመቶ ሲሆን በኢንዶስኮፒ 5 በመቶ ብቻ ሆነ። ከጎን በኩል ከረጢት አንጠልጥሎ ወራት መኖር ምን እንደሆነ ስለማውቅ ያ ልዩነት ለእኔ ትንሽ አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉ በላይ ያሳረፈኝ ነው። ፖይንተር ይባላል፣ እ.ኤ.አ. 2021። ሲመረዝ ወዲያው እናፍስስ ወይስ እስኪከበብ በአንቲባዮቲክ እንጠብቅ ብለው 104 ሰዎችን በዕጣ ከፈሉ። መቸኮሉ ያተረፈው ነገር አልነበረም፤ ከጠበቁት መካከል 39 በመቶው በአንቲባዮቲክ ብቻ፣ ማንም ሳይበሳቸው ዳኑ። በማግስቱ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። ትተዋት አይደለም፣ እያከሟት ነው አልኳት። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ራሴን ሰማሁት።

በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ትኩሳቱ ተመለሰ። ማስመለስም ጀመራት። በሲቲው ላይ ወፍራም ዳር ያበጀ፣ አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር የሆነ ነገር ጨጓራዋን ከኋላ ሲጫን ይታያል። ድሮ ስድስት ሳምንት ካለፈውና ስድስት ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ይነካ የሚባል ልማድ ነበር፤ ዛሬ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይነኩትም። የሚነካው ሲያሳምም፣ መንገድ ሲዘጋ ወይም ሲመረዝ ነው። የእሷ ሦስቱም ነበረው። ሐኪሙ ገብቶ በጣቱ ምስሉን እየዞረ አሳየኝና በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ ብሎ ነገራት፤ «በስሏል።» ቃሉን ከነርሶቹ ሰምቶ ኖሯል።

የስምምነት ቅጹ ለኔ ከሁሉም የከበደ ነበር። ይህን ቅጽ በሥራዬ ስንት መቶ ጊዜ አንብቤአለሁ፤ መድማት፣ መበሳት፣ የቱቦው መንሸራተት፣ ሞት። ሞት የሚለውን ቃል ድምፄን ሳልቀይር ማለት ተምሬአለሁ፤ እንዲያውም አዳዲሶቹን አስተርጓሚዎች ሳሠለጥን ዝቅ አድርጋችሁ አትበሉት እላቸዋለሁ። ያን ቀን በስልክ ያለችው ሴት ልክ እንዳስተማርኩት አለችው። ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆምኩ። እማዬ ጣቷን እየዘረጋች «የት ላይ ልፈርም» ብቻ አለች፤ ፈርማም አማተበች።

ሰኔ 4 ጠዋት ወሰዷት። አሠራሩን ሐኪሙ ቀድሞ ወረቀት ላይ ስሎ አሳይቶኛል፤ ወረቀቱን አሁንም ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣዋለች። በአፍ የሚገባው ቱቦ ጫፉ ላይ ከካሜራው ሌላ ትንሽ አልትራሳውንድ አለው። ጨጓራ ውስጥ ሆኖ ግድግዳውን አልፎ ከኋላ ያለውን ያያል፤ የደም ሥሮቹም የት እንደሚያልፉ ይታያሉ፣ እነሱን እየሸሸ ቦታ ይመርጣል። እንዲህ በአልትራሳውንድ እየተመሩ መብሳት እ.ኤ.አ. በ1992 ሐምቡርግ ካሉ ሐኪሞች የተጀመረ ነው። አሁን የሚጠቀሙበት ስቴንት ከሽቦ የተሸመነ፣ አጭር፣ ሁለት ጫፉ እንደ ክር ማጠንጠኛ ሰፊ ከንፈር ያለው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ነው። ስቴንቱን የሚያስገባው ቀጭን ቱቦ ጫፉ በኤሌክትሪክ ሞቆ የጨጓራውንና የእባጩን ግድግዳ አንድ ላይ ይበሳል፤ አንዱ ከንፈር እባጩ ውስጥ ይከፈታል፣ ሌላው ጨጓራው ውስጥ። ሁለቱ ተሳስበው ግድግዳዎቹን አጥብቀው ይይዟቸዋል፤ መሐሉ አሥራ አምስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው በር ይሆናል። የሚፈሰው ወደ ጨጓራ፣ ከዚያ እንደ ማንኛውም ነገር ወደ ታች ነው። ሙሉ ማደንዘዣ የሚሰጠውና የአየር ቧንቧዋ የሚጠበቀውም ለዚሁ ነው፤ ሲፈነዳ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ።

ከአንድ ሰዓት በታች ፈጀ። ሆዷ ላይ አንዲት ጭረት የለም። ሐኪሙ ከአንድ ሊትር በላይ ጠቆር ያለ መግል እንደወጣ ነገረኝ። ማታ ትኩሳቷ ወረደ፤ በማግስቱ ወጥ ሸተተኝ አለች። ወጥ አልነበረም፤ ግን ከአምስት ሳምንት በኋላ ምግብ አማራት ማለት ነው፣ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ከሠላሳ አምስቱ ውስጥ ግን አልሆነችም። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲመለስ በዚያው በር ገብተው የሞተውን ሥጋ በጥቂት በጥቂቱ እየጎተቱ ማውጣት ነበረባቸው። ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። የጨጓራ አሲድ መቀነሻ መድኃኒቷንም አስቆሟት፤ አሲዱ ራሱ የሞተውን ሥጋ ለማሟሟት ይረዳል። ለሆዷ የሚጠቅማት መስሎኝ ለምን አቆማችሁ ብዬ ልከራከር ተነሥቼ ነበር።

በጰራቅሊጦስ ዕለት ቤቷ ነበረች። አጥሚት በቡና ስኒ። በማግስቱ የሰኔ ጾም ሲገባ «እኔስ?» አለችኝ፤ የንስሐ አባቷ በስልክ ድነሽ ትደርሺበታለሽ ብለው ከለከሏት።

ስቴንቱ ውስጥ መክረም የለበትም። እባጩ እየጠበበ ሲመጣ የሽቦው ከንፈር ወደ ኋላ ካሉት የደም ሥሮች ጋር ይፋተጋል፣ ያደማል፤ ስለዚህ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ምስል ተነሥቶ ይወጣል። ሐምሌ 2 ወጣላት። ስትነቃ ሐኪሙ በትንሽ ብልቃጥ ይዞ አሳያት። በሁለት ጣቷ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ አነሣች። «በሩ ይቺ ናት?» አለችው። ተተረጎመለት። አዎ አላት። በነሐሴ፣ ፍልሰታ ውስጥ፣ ሐሞት ከረጢቷን አወጡላት፤ ጠጠሩ ካልወጣ ነገሩ ይመለሳል።

ይህን ስጽፍ ሊያልቅልኝ ያልቻለው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ግማሽ ቆሽት የቀረው ሰው ምግቡን በደንብ አይፈጭም፤ ቅባቱ ሳይፈጭ ይወጣል፣ ክብደት ይቀንሳል። እማዬም ከሲታ ሆና ቀረች። በየምግቡ የሚዋጥ የኢንዛይም እንክብል ታዘዘላት። እዚህ አገር የተፈቀዱት እንክብሎች በሙሉ ከአሳማ ቆሽት የሚሠሩ ናቸው። ይህን በሥራዬ አውቀዋለሁ፤ ለሙስሊም ታማሚዎችም፣ ለእኛም ሰዎች ተርጉሜዋለሁ።

የመድኃኒቱን ከረጢት ይዤ መኪና ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ባልነግራትስ? ትውጠዋለች፣ ትወፍራለች፣ አታውቅም። ለማያውቀኝ ሰው ብተረጉም ኖሮ አንዲት ቃል አልዘልም ነበር። ለእናቴ ለመዝለል ግን አፌ ተዘጋጅቶ አገኘሁት። የሚወድ ሰው ክፉውን ይዘላል እያልኩ ለስንት ቤተሰብ የተናገርኩት፣ እዚያው የራሴ መሪ ላይ እጄ ተቀምጦ ተረዳኝ።

ነገርኳት። ከሰማች በኋላ እንክብሉን መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ደብረ ብርሃን ደወለች። የንስሐ አባቷ ከምን እንደተሠራ፣ ሌላ መድኃኒት እንዳለ ጠየቁ፤ እኔ መለስኩላቸው። «መብል አይደለም፣ መድኃኒት ነው። ውሰጂው ልጄ» አሏት፤ አባታችን ሆይ ደግማ እንድትውጠው አዘዟት።

አሁን እንዲህ ነው የምትበላው። ታማትባለች፣ አባታችን ሆይ ትደግማለች፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር አንዷን ትውጣለች፣ ገበታው መሐል ሲደርስ ሁለተኛዋን። ልጄ ቆጣሪ ሆናለች። «አያቴ፣ ሁለተኛዋን ረሳሽ» ስትላት እማዬ አፏን ትከፍትላታለች፣ ልጄም እንክብሏን በእንጀራ ጠቅልላ ታጎርሳታለች።